በንባብና በምሥጢር መካከል፤ ባሃኢዎችና ክርስቲያኖች ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጕሙ የሚለያዩበት ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

መቅድም

መጽሐፍን በአንድነት የተቀበሉ ሰዎች በንባቡ እየተስማሙ በትርጓሜው ሊለያዩ እንደሚችሉ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ያስረዳል። አርዮስ ያነበበው ወንጌል አትናቴዎስ ካነበበው ወንጌል ሌላ አልነበረም፤ መለያየቱ የመጣው ቃሉን ከመፍታት ነው። እንዲሁም ባለፉት 2 መቶ ዓመታት ውስጥ ከፋርስ አገር የተነሣው የባሃኢ ሃይማኖት ብሉይንና ሐዲስን አክብሮ ያነባል፥ ይጠቅሳልም፤ ነገር ግን ክርስቲያኖች ከአባቶቻቸው ከተቀበሉት ትርጓሜ ወደ ሌላ ይመራዋል።

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተት ይሰማል። ከክርስቲያን ወገን የሚናገረው ባሃኢዎች ወንጌልን ክደዋል ይላል፤ ከባሃኢ ወገን የሚናገረው ደግሞ ክርስቲያኖች ፊደሉን ይዘው ምሥጢሩን ትተዋል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ባሃኢዎች ወንጌልን አይጥሉም፤ ክርስቲያኖችም ያለ ምሥጢር አይተረጕሙም። እንግዲህ ልዩነቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ የተደረገው ነገር ጸንቶ ይኖራል ወይስ በምሥጢሩ ይተካል በሚለው ላይ ነው። ይህን ያልለየ መምህር የሚሰጠው መልስ ከጥያቄው ጋራ አይገናኝም፤ ጠያቂውም ጥያቄውን እንደ ያዘ ይመለሳል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ይለያል።

ክፍል 1። ስለ ሃይማኖቱ አነሣሥ

በ1844፥ ይኸውም በ1836 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ በሺራዝ ከተማ ዐሊ ሙሐመድ የሚባል ወጣት ነጋዴ ከእግዚአብሔር አዲስ መገለጥ እንደ ተሰጠው ተናገረ። ባብ ተባለ፤ በር ማለት ነው። ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ እንደሚመጣም አስተማረ። በ1850 በተብሪዝ ከተማ በመንግሥት ትእዛዝ በጥይት ተገደለ። ከተከታዮቹ አንዱ በ1817 በቴህራን የተወለደው ሚርዛ ሑሴን ዐሊ በ1852 ታሰረ፤ ከዚያም ወደ ባግዳድ ተሰደደ። በ1863 ባብ የተናገረለት እርሱ መሆኑን ገለጠ። ባሃኡላህ ተባለ፤ የእግዚአብሔር ክብር ማለት ነው። የቱርክ መንግሥት ወደ ቍስጥንጥንያ፥ ወደ አድርያኖፕል፥ በመጨረሻም በ1868 ወደ ዐካ ሰደደው፤ በ1892 በዚያው አገር ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ ልጁ አብዱል ባሃ እስከ 1921፥ የአብዱል ባሃ የልጅ ልጅ ሾጊ ኤፈንዲ ደግሞ እስከ 1957 ማኅበሩን መሩ። ከ1963 ጀምሮ በሐይፋ ያለው በምርጫ የሚቆም ጉባኤ ይመራዋል። ወደ ኢትዮጵያም ሃይማኖቱ በ1930ዎቹ ከግብፅ በመጡ ሰዎች ገባ።

መጻሕፍትን እንዴት እንደሚተረጕሙ ለማወቅ ከሁሉ በላይ ሁለት መጻሕፍት ይረዳሉ። አንደኛው ባሃኡላህ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በባግዳድ ሳለ ለባብ አጎት ጥያቄ መልስ አድርጎ የጻፈው መጽሐፈ ኢቃን ነው፤ ኢቃን ማለት እርግጠኝነት ነው። ሁለተኛው አብዱል ባሃ ከ1904 እስከ 1906 በዐካ በማዕድ ላይ ለጠየቀችው ለአንዲት አሜሪካዊት የመለሰው ቃል ተሰብስቦ በ1908 የታተመው ነው።

ክፍል 2። የሚስማሙበት ነገር

ለመከራከር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የማይከራከርበትን ሊያውቅ ይገባዋል። ከእስላም ሊቃውንት ብዙዎቹ ወንጌል ተለውጧል፥ እውነተኛውም ጠፍቷል ይላሉ። ባሃኡላህ ግን በመጽሐፈ ኢቃን ይህን ነገር ይነቅፋል፤ ክርስቶስ ካረገ በኋላ እግዚአብሔር ሕዝቡን ያለ መጽሐፍ ትቷቸው ነበር ማለት ከቸርነቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ይሟገታል። ዳግመኛም ባሃኢዎች ክርስቶስ ከድንግል መወለዱን ያምናሉ፤ በእውነት መሰቀሉንና መሞቱንም አይክዱም። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ በሕይወት መኖሯንም ያስተምራሉ።

ስለዚህ ለእስላም የሚሰጠውን መልስ ለባሃኢ የሚሰጥ ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ባሃኢ ወንጌሉ ትክክል ነው ይላል፤ ቃሉን ግን ክርስቲያኖች እንደሚፈቱት አይፈታውም። ከአብርሃም፥ ከሙሴ፥ ከክርስቶስ፥ ከመሐመድ በኋላ ባብና ባሃኡላህ በየዘመናቸው እንደ ተላኩ ያምናልና፥ የክርስቶስን ዳግም ምጽአት በባሃኡላህ ተፈጸመ ይላል።

ክፍል 3። ስለ ፀሓይ፥ ስለ ከዋክብትና ስለ ደመና

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ከቍጥር 29 ጀምሮ ጌታ ከመከራው በኋላ ፀሓይ እንደምትጨልም፥ ጨረቃ ብርሃኗን እንደምትነሣ፥ ከዋክብት እንደሚወድቁ፥ የሰው ልጅም በደመና እንደሚመጣ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ባሃኡላህ ይህን ቃል በየክፍሉ ይፈታዋል። መከራ የተባለው ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚመራውን ዕውቀት ማጣቱ ነው። ፀሓይና ጨረቃ ከዋክብትም ነቢያትና ቅዱሳን ናቸው፤ አንድም በቀድሞው ሕግ ያሉ ሊቃውንት ናቸው፥ መውደቃቸውም አዲሱን መገለጥ ባለመቀበል መሳታቸው ነው፤ አንድም ጸሎትና ጾም፥ የቀድሞው ሕግ ሥርዐት ነው፥ መጨለሙም በአዲስ ሕግ መለወጡ ነው። ደመናም ሰውን ከማመን የሚጋርደው ነገር ነው፤ ይኸውም የሥርዐት መለወጥ፥ የተላከውም እንደ ሰው መብላቱ፥ መጠጣቱ፥ መደኽየቱ ነው።

ለአንዱ ቃል ብዙ መንገድ መስጠት ለአንድምታ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ደመናን በምሥጢር ትተረጕማለች። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 19 ቍጥር 1 እግዚአብሔር በፈጣን ደመና ተቀምጦ ወደ ግብፅ እንደሚመጣ ተነግሯል፤ ሊቃውንትም ደመና የተባለችው ጌታን የታቀፈችው ድንግል ማርያም ናት ብለው አስተምረዋል። ነገር ግን አንባቢው ልብ ይበል። ደመናይቱ ድንግል ናት ሲባል ወደ ግብፅ መውረዱ ምሳሌ ብቻ አልሆነም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቍጥር 14 እንደ ተጻፈ ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄዷል። ምሥጢሩ የተደረገውን ነገር አበራው እንጂ አላጠፋውም።

ባሃኢዎች ግን ጠንካራ ጥያቄ አላቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቍጥር 38 እስከ 42 ጌታ ከሰማይ መውረዱን ሲናገር አይሁድ አባቱንና እናቱን እናውቃለን ብለው አንጐራጐሩ። በመጀመሪያው መምጣቱ ከሰማይ ወረደ እየተባለ ከሴት ከተወለደ፥ በሁለተኛውም ከሰማይ ይመጣል ሲባል ከሴት የተወለደ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን ይከለክላል ይላሉ። አይሁድም ምልክቱን በፊደል ሲጠብቁ ክርስቶስን እንዳጡት፥ ክርስቲያኖችም እንዲሁ እንዳያጡ ያስጠነቅቃሉ።

ለዚህ የክርስቲያን መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ከሰማይ ወረደ የተባለው ስለ መለኮቱ ነው፤ መለኮት ከቦታ ወደ ቦታ ሳይፋለስ ሥጋን ተዋሐደ። ከዕርገት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የተዋሐደውን ሥጋ ይዞ ዐርጓልና በዚያው ሥጋ ይመጣል፥ ሌላ የሥጋ ልደት አያሻውም። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 1 ቍጥር 11 መላእክት ለሐዋርያት የነገሯቸውም ያው ኢየሱስ ሲያርግ እንዳዩት እንደሚመለስ ነው። ሁለተኛ፥ የመጀመሪያው መምጣት ትንቢት በምሥጢር ብቻ አልተፈጸመም። ሚክያስ በምዕራፍ 5 ቤተ ልሔምን ጠርቷል፥ በቤተ ልሔም ተወለደ፤ ዘካርያስ በምዕራፍ 9 የአህያውን ነገር ተናግሯል፥ በአህያ ተቀምጦ ገባ፤ በመዝሙር 21 የልብሱ ዕጣ ተነግሯል፥ ጭፍሮችም በመስቀሉ ሥር ዕጣ ተጣጣሉ። አይሁድ የሳቱት ፊደሉን ስለ ጠበቁ ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉም የመከራውን ክፍል ስለ ተዉ ነው።

ክፍል 4። ስለ ኤልያስ መመለስ

ባሃኢዎች ስለ መመለስ ሲያስረዱ የኤልያስን ነገር ይጠቅሳሉ። ሚልክያስ ኤልያስ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቍጥር 14 ዮሐንስ መጥምቅ ይመጣ ዘንድ ያለው ኤልያስ መሆኑን አስታወቀ። ዮሐንስ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 21 ኤልያስ አለመሆኑን መስክሯል። ሁለቱ ቃል እንዴት ይታረቃል ቢሉ፥ ባሃኢዎች በአካል አይደለም፥ በጠባይና በግብር ግን ነው ይላሉ፤ ዘንድሮ የሚያብበው አበባ የአምናው ባይሆን በመልኩና በሽታው ግን ያው እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ከዚህም ተነሥተው ክርስቶስም በባሃኡላህ እንዲሁ ተመለሰ ይላሉ።

ስለ ዮሐንስ የሰጡት ትርጓሜ ከክርስቲያኖች ትርጓሜ ብዙ አይርቅም። መልአኩ ለዘካርያስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 17 እንደ ነገረው ዮሐንስ በኤልያስ መንፈስና ኀይል መጣ። መለያየቱ የሚጀምረው ከዮሐንስ ወደ ክርስቶስ ሲሻገሩ ነው። ስለ ዮሐንስ የመንፈስና የኀይል አንድነት መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ገልጦ ፈታው፤ ስለ ጌታ መምጣት ግን እንዲህ ያለ መፍቻ አልተጻፈም፥ ይልቁንም ያው ራሱ እንደሚመጣ ተጻፈ። እንግዲህ የአገልጋይን መመለስ ለጌታ መመለስ መለኪያ ማድረግ የተፈታውን ቃል ላልተፈታው ማስገደድ ይሆናል።

ክፍል 5። ስለ ጰራቅሊጦስ

በዮሐንስ ወንጌል ከምዕራፍ 14 እስከ 16 ጌታ ጰራቅሊጦስን እንደሚልክ ተስፋ ሰጥቷል። በምዕራፍ 16 ቍጥር 12ና 13 ገና የሚነገር ብዙ ነገር እንዳለ፥ የእውነት መንፈስ ሲመጣ ወደ እውነት ሁሉ እንደሚመራ ተናግሯል። ባሃኢዎች ይህን ለባሃኡላህ ይሰጡታል። ለምን ቢሉ፥ የሰማውን ይናገራል መባሉ ጆሮና አንደበት ያለውን ሰው ያመለክታል ይላሉ። ከእነርሱ አስቀድሞ እስላሞች ይህንኑ ቃል ለመሐመድ ሰጥተውታል።

ክርስቲያኖች ግን የቃሉን ፍቺ በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ያገኙታል። በምዕራፍ 14 ቍጥር 26 ጰራቅሊጦስ መንፈስ ቅዱስ መሆኑ በስሙ ተጠርቷል፤ በቍጥር 17 ዓለም እንደማያየው፥ በሐዋርያት ውስጥም እንደሚኖር ተነግሯል። ሰው ሆኖ የሚገለጥ ዓለም ያየዋል፥ በሰው ውስጥም አያድርም። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 1 ቍጥር 5 ከጥቂት ቀን በኋላ እንደሚፈጸም የተነገረው ተስፋ በምዕራፍ 2 በበዓለ ኀምሳ ተፈጸመ። ቃሉን በቀጥታ የሰሙት ሐዋርያት ናቸውና 18 መቶ ዓመት እንዲጠብቁ አልተነገራቸውም፤ በኢየሩሳሌም እንዲቈዩ ተነገራቸው እንጂ።

ክፍል 6። ስለ ዳንኤል ቍጥር

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ቍጥር 14 እስከ 2300 ማታና ጧት ድረስ ከዚያ በኋላ መቅደሱ እንደሚነጻ ተጽፏል። አብዱል ባሃ አንዱን ቀን አንድ ዓመት አድርጎ፥ ንጉሡ አርጤክስስ ለዕዝራ ትእዛዝ ከሰጠበት ከ457 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ጀምሮ ቈጠረ፤ 2300ው ዓመት ባብ በተነሣበት በ1844 ይፈጸማል። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ባፕቲስት ሰባኪም በዚሁ ቍጥር የጌታን መምጣት ጠብቆ ነበር፤ ተከታዮቹም በጥቅምት 1844 ጠብቀው ሳይሆንላቸው ቀርቷል። አብዱል ባሃ ዳግመኛ በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 11 ያለውን 1260 ቀን ከመሐመድ ስደት ጀምሮ በጨረቃ ዓመት ቈጥሮ እንደ ገና ወደ 1844 ያደርሰዋል።

ይህን ቍጥር በመሳለቅ ማለፍ አይገባም። ቀንን ለዓመት መስጠት በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 14 ቍጥር 34ና በሕዝቅኤል ምዕራፍ 4 ቍጥር 6 ይገኛል፤ ክርስቲያኖችም የዳንኤልን 70 ሱባዔ በዓመት ይቈጥራሉ። ነገር ግን ሦስት ነገር ሊመረመር ይገባል። አንደኛ፥ መለኪያው አንድ አይደለም፤ የዳንኤል ቍጥር በፀሓይ ዓመት ከፋርስ ንጉሥ ትእዛዝ፥ የራእዩ ቍጥር በጨረቃ ዓመት ከመሐመድ ስደት ተነሣ። መነሻውና መስፈሪያው በየጊዜው ሲለወጥ ሁለቱ ቍጥር አንድ ቦታ መገናኘቱ የምስክርነት ኀይሉን ይቀንሳል። ሁለተኛ፥ በዚያው ምዕራፍ ከቍጥር 20 ጀምሮ ገብርኤል አውራ በጉ የሜዶንና የፋርስ፥ አውራ ፍየሉ የግሪክ መንግሥት መሆኑን ራሱ ፈትቶታል። ከግሪክ ነገሥታት አንጥያኮስ በ167 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ መቅደሱን አረከሰ፤ በ164 ይሁዳ መቃቢስ አነጻው። ይህ ታሪክ በዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍም ይነገራል። ሦስተኛ፥ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቍጥር 36 ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ አስተምሯል።

ክፍል 7። ስለ ትንሣኤ

የነገሩ ሁሉ ልብ በዚህ ነው። አብዱል ባሃ የክርስቶስን ትንሣኤ ሲፈታ የሥጋ መነሣት አይደለም ይላል። ጌታ ከተሰቀለ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ታወኩ፥ ተበተኑ፤ ትምህርቱና በረከቱ ሕይወት እንደ ሌለው ሥጋ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ልባቸው ጸና፥ ለማገልገልም ተነሡ፤ ያን ጊዜ የክርስቶስ ነገር ሕያው ሆነ፤ ትንሣኤ የተባለው ይህ ነው ይላል። ሐዋርያው በ1 ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ቍጥር 44 ስለ መንፈሳዊ አካል መናገሩን፥ በቍጥር 50ም ሥጋና ደም መንግሥትን እንደማይወርሱ ማስተማሩን ባሃኢዎች ይጠቅሳሉ።

በዚህ ትርጓሜ እውነት የሆነ ነገር የለምን ቢሉ፥ አለ። የሐዋርያት ልብ ሞቶ እንደ ነበረ፥ በትንሣኤውም ሕያው እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ትመሰክራለች። ጥያቄው ልባቸውን ያስነሣው ምንድር ነው የሚል ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 24 መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲፈሩ እጁንና እግሩን እንዳሳያቸው፥ እንዲዳስሱትም እንዳዘዛቸው፥ በፊታቸውም እንደ በላ ጽፏል። ዮሐንስም በምዕራፍ 20 የቶማስን ነገር ጽፏል፤ ቶማስ ምሳሌ አልጠየቀም፥ ቍስሉን ጠየቀ፥ ጌታም ቍስሉን አሳየው። ወንጌላውያኑ ይህ ነገር የልብ መነቃቃት ብቻ ነው ብሎ ለሚነሣ ሰው አስቀድመው መልስ የሰጡ ይመስላሉ።

ስለ መንፈሳዊው አካልም ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ ከቍጥር 36 ጀምሮ የስንዴ ቅንጣትን ምሳሌ አድርጓል። በመሬት የወደቀችው ቅንጣት ትለወጣለች፥ ትከብራለች እንጂ ሌላ ዘር ሆና አትበቅልም። ሥጋና ደም አይወርሱም ማለቱም ሳይለወጡ አይወርሱም ማለት ነው፤ በቍጥር 53 የሚፈርሰው የማይፈርሰውን እንዲለብስ መናገሩ ይህን ያስረዳል። ለባሹ ከጠፋ መልበስ የለምና። ዳግመኛም በ2 ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ቍጥር 17ና 18 ሐዋርያው ሄሜኔዎስንና ፊሊጦስን ትንሣኤ ከአሁን በፊት ሆኗል በማለታቸው ገሥጿቸዋል። ትንሣኤን በመንፈስ ብቻ መፍታት እንግዲህ በሐዋርያት ዘመንም የተነሣ ነገር ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። ክርስቲያን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ብርሃን ይዞ ሲቆም፥ ሬሳውንም በጸሎት ሸኝቶ ወደ ምሥራቅ አቅንቶ ሲቀብር የሚጠብቀው ነገር አለ። መቃብሩ ባዶ መሆኑ ምሳሌ ብቻ ከሆነ ያ ሬሳ ነገ አይጠራም። በ1 ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ቍጥር 14 ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ከንቱ መሆኑን ሐዋርያው የተናገረው ስለዚህ ነው።

ክፍል 8። የልዩነቱ ሥር

ከላይ የተቈጠረው ሁሉ ከአንድ ሥር ይበቅላል፤ ይኸውም ክርስቶስ ማን ነው የሚለው ነው። አብዱል ባሃ በፀሓይና በመስተዋት ይመስላል። ፀሓይ ከሰማይ ወርዳ በመስተዋት ውስጥ አትገባም፤ የተወለወለ መስተዋት ግን ብርሃኗንና መልኳን ያሳያል። ሙሴም፥ ክርስቶስም፥ መሐመድም፥ ባሃኡላህም መስተዋቶች ናቸው፤ መስተዋቱ ቢለወጥ ፀሓይዋ አንድ ናት። እንዲህ ያመነ ሰው ዳግም ምጽአትን በሌላ መስተዋት መገለጥ ነው ቢል ከእምነቱ ጋራ ይስማማል።

ሊቁ ቄርሎስ ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ባየው ፍሕም መስሎ አስተማረ። እሳት በዕንጨት ተዋሕዶ ፍሕም ሲሆን ዕንጨቱ እሳቱን የሚያሳይ ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ዕንጨቱን የራሱ አድርጎታል። እንዲሁ ቃል ሥጋን ያለ መለወጥ፥ ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለየት ተዋሕዷል። መስተዋት በሌላ መስተዋት ይተካል፤ የተዋሐደ ግን አይተካም። ስለዚህ ክርስቲያን ያንኑ ራሱን፥ በዚያው ሥጋው፥ ሊጠብቅ ግድ ይሆንበታል።

የመተርጐም ሥልጣን የማን ነው የሚለውም ከዚህ ይከተላል። ባሃኢዎች በዳንኤል ምዕራፍ 12 የታተመው ነገር በባሃኡላህ ተፈታ ይላሉ፤ ከእርሱም በኋላ የመተርጐም ሥልጣን ለአብዱል ባሃ፥ ቀጥሎም ለሾጊ ኤፈንዲ በኑዛዜ ተሰጠ። ከ1957 ወዲህ ይህን ሥልጣን የያዘ ሰው የለም፤ በሐይፋ ያለው ጉባኤ በመጽሐፋቸው ባልተጻፈው ነገር ሕግ ይሠራል እንጂ አይተረጕምም። ክርስቲያኖች ግን ማኅተሙ ተፈትቷል ይላሉ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቍጥር 45 ጌታ መጻሕፍትን እንዲያስተውሉ የሐዋርያትን ልብ ከፍቷልና። ከሐዋርያትም በኒቅያ በ325 የተሰበሰቡት 318፥ በቍስጥንጥንያ በ381 የተሰበሰቡት 150፥ በኤፌሶን በ431 የተሰበሰቡት 200 አባቶች ተቀብለው አጸኑት።

መደምደሚያ

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው ይህን ልዩነት በቶሎ ያስተውላል። ሰሙ ለወርቁ መቅረጫ ነው፤ ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ይቀልጣል። ባሃኢዎች የምጽአትንና የትንሣኤን ቃል እንዲህ አድርገው ይፈቱታል። በአንድምታ ግን ሁለተኛው ትርጓሜ በተደረገው ነገር ላይ ይጨመራል እንጂ የተደረገውን አይሽርም። ሐዋርያው በገላትያ ምዕራፍ 4 አጋርንና ሣራን የሁለት ኪዳን ምሳሌ አደረጋቸው፤ ስለዚህ ግን አጋር ከአብርሃም ቤት አልወጣችም፥ ሣራም ይስሐቅን አልወለደችም አላለም።

እንግዲህ በዚህ ነገር የሚጠየቅ ካህን ወይም መኰንን ወንድሙን ወንጌል የካደ ብሎ ባያልፈው፥ ምሥጢርንም ስለ መፍራት ወደ ፊደል ብቻ ባይሸሽ ይሻለዋል። ፀሓዩን ነቢያት ናቸው ሲሉት፥ ደመናውን የሰው ጠባይ ነው ሲሉት፥ ትንሣኤውን የሐዋርያት መጽናት ነው ሲሉት፥ አንዱን ነገር በትሕትና ይጠይቅ፤ ይህ ምሥጢር የተደረገውን ያጸናዋልን፥ ወይስ በቦታው ይቆማል? መልሱ ሁለቱን ወገን ይለያቸዋል፤ ጥያቄው ግን በእውነትና በፍቅር ያነጋግራቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።